የስህተት መልዕክት ማብራሪያን በሊንተር እንዴት እናስተካክል?

የስህተት ማብራሪያ ማንም ለመዝናናት አያነበውም። የሚከፈተው ክፍያው አልሄድ ሲል፣ ስልኩ ቀይ ጽሑፍ ሲያወጣ ነው። ያን ሰዓት «ተሳስተሃል» የሚል ነገር የምታነበው ሴት ከሆነች ሁለት ጊዜ ትናደዳለች፤ አንዴ ስለተወቀሰች፣ አንዴ ደግሞ በወንድ አንቀጽ ስለተወቀሰች።

ሊንተር ጽሑፋችሁን አንብቦ «እዚህ መስመር ላይ ያለው ቃል ሰው ሊያስከፋ ይችላል» እያለ የሚጠቁም ፕሮግራም ነው። እኔ ሁለት እጠቀማለሁ፦ ለእንግሊዝኛው አሌክስን፣ ለአማርኛው ቬልን። አሌክስ ኖድ ጄኤስ የሚባል የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ይፈልጋል፤ እሱ ካለ ኤንፒኤም በተባለው መጫኛው በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ቬል ግን ለብቻው የሚሠራ አንድ ፋይል ነው። ኔትወርክ አልሠራ ሲል አንዱ ጋ አውርዳችሁ በፍላሽ መቀባበል ትችላላችሁ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተማችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ። ሁለቱም የሚሠሩት ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሆነ ጽሑፉ የትም አይላክም።

አሌክስን ማርክዳውን ፋይሎቻችሁ ላይ (በቀላል ምልክቶች ርዕስና ዝርዝር የሚሠራባቸው የጽሑፍ ፋይሎች) አስኬዱት። መጀመሪያ ላይ የማስጠንቀቂያ መዓት ይወርድባችኋል፤ አትደንግጡ። የስድብ ዝርዝሩ ውስጥ «ፌይለር» (አለመሳካት) እና «ኤክሲኪዩት» (ማስኬድ፣ ግን በሞት መቅጣትም) የመሳሰሉ ቃላት ሁሉ አሉበት። የስህተት ማብራሪያ ላይ እነሱን ሳይነኩ ምን ይጻፋል? ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ የስድብ እርግጠኝነት ደረጃውን (profanitySureness) ከ0 ወደ 1 ከፍ አድርጉት፣ ጫጫታው ይቀንሳል። የሚቀረው ሊታይ የሚገባው ነው። «ማስተር» እና «ስሌቭ» (ጌታና ባሪያ) ካለ «ፕራይመሪ» እና «ሪፕሊካ» (ዋናና ቅጂ) በሉት። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳታቤዙ ሬዲስና የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2018 መቀየር ጀምረዋል፣ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብም ከኦክቶበር 2020 ወዲህ የአዲስ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክት ማኅደር) ዋና ብራንች «ማስተር» መባሉ ቀርቶ «ሜን» ነው የሚለው።

«ሁሉንም ፈልገህ ተካ» የሚለውን አቋራጭ ግን እርሱት። የክፍያ ማብራሪያ ላይ ከሞከራችሁት ማስተርካርድ ፕራይመሪካርድ ሆኖ ይወጣላችኋል።

አሁን ጣጣው ጋ ደረስን። ማብራሪያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ፦ እናንተ የጻፋችሁት፣ እና ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ቃል በቃል የተገለበጠ መልዕክት። ሁለተኛውን አትንኩ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያላት ሴት ስልኳ ላይ የወጣውን መልዕክት ኮፒ አድርጋ ነው መፍትሔ የምትፈልገው። እናንተ ማብራሪያው ላይ ብቻ አሳምራችሁት ፕሮግራሙ አሁንም የድሮውን የሚያወጣ ከሆነ ምንም አታገኝም። ቃሉ ቢያምርም እሷን ሜዳ ላይ ጥላችኋታል።

ስለዚህ የተገለበጠውን መልዕክት የማርክዳውን የኮድ ምልክት (`) ውስጥ አስገቡት። ሁለቱም ሊንተሮች ማርክዳውን ውስጥ ኮድ የሆነውን ይዘሉታል። ከዚያ ኮዱን ለሚጽፉት ሰዎች መልዕክቱ እንዲቀየር ጥያቄ ክፈቱ። አዲሱ ቨርዥን ሲወጣ አዲሱን መልዕክት ከላይ ጻፉና የድሮውን ከሥሩ «በቀድሞው ቨርዥን» ብላችሁ ተዉት። ዳታ ለመቆጠብ አፑን ወር ከወር የማያዘምን ሰው ሞልቷል። የስህተት ቁጥሮችን ጭራሽ አትንኩ። የሴቲንግ ስሞችም እንደዚያው ናቸው፤ ማብራሪያው ላይ ቀይራችሁ ከጻፋችሁት፣ ሰው ያንኑ ገልብጦ ያስገባል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ አላውቀውም ይላል።

አማርኛው ላይ አሌክስ አይጠቅማችሁም፣ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቬል ላይ ግን የራሳችሁን ደንብ ያምል በሚባል ተራ የጽሑፍ ማዋቀሪያ ፋይል መጻፍ ይቻላል። ዓይነቱን «ኤግዚስተንስ» (ቃሉ ካለ ጠቁም ማለት ነው) አድርጉና የማትፈልጓቸውን ቃላት ዘርዝሩ፦ ተሳስተሃል፣ አላስገባህም፣ ሞክር። «ኖንወርድ» የሚለውን አብሩት፣ ቃሉ ከሌላ ጋር ተጣብቆ ቢመጣም እንዲይዘው፤ የአማርኛ ቃል ፊቱም ኋላውም ስለሚቀጠልበት። በ«ሃ» የጻፋችሁትን በ«ሀ»ም ድገሙት፤ ለሰው አንድ ነው፣ ለሊንተሩ ግን ሌላ ቃል ነው። ደግሞ ስንፍና ይዟችሁ «ሃል» ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ «መሃል» ያለበትን መስመር ሁሉ ያመጣባችኋል።

በምን እንተካው? ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፣ አንተና አንቺ ይቀለናል። ጽሑፍ ላይ ግን «ያስገቡ» ለሁሉም ይሆናል። እኔ የምመርጠው ሰውዬውንም ሴትዮዋንም ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣት ነው፦ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም። እንደገና ይሞክሩ።» ወቀሳ የለም፣ ጾታም የለም። አጭር መሆኑ ራሱ ቁም ነገር ነው። እዚህ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ ነው። «የማረጋገጫ ሂደቱ በተሳካ ሁኔታ ሊከናወን አልቻለም» የሚለውን ሊንተሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ አንባቢው ግን እዚያው ይቆማል። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ከአይቲ ውጭ የሆነ ሰው ነው፤ ጽሑፉን አስነብቡትና የት ላይ እንደሚመለስ እዩ።

በመጨረሻ ሊንተሩን ጊትሃብ ላይ ጽሑፍ በተላከ ቁጥር እንዲሮጥ አድርጉት። ደንቦቹ መጀመሪያ «ዋርኒንግ» (ማስጠንቀቂያ ብቻ) ላይ ይሁኑ። ወደ «ኤረር» (ሥራውን የሚያስቆም ስህተት) የምታሳድጓቸው አሮጌው ጽሑፍ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከተቻኮላችሁ ሰው ሥራው ስለሚቆምበት ሊንተሩን ማጥፋት ይለምዳል።