የለቀቃችሁት ዓሣ የት ደረሰ? ጣና ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር በጀልባ ወጣን። የክብራን ገብርኤልን ደሴት አልፈን ውሃው ጠለቅ የሚልበት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋን። መንጠቆ ጣልኩ። የያዝኩት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። «ልቀቀው፣ ይደግ» አለኝ ጓደኛዬ ስልኩን ደቅኖ። ለቀቅኩት። ቪዲዮው አምሮ ወጣ። ጽድቅ የሠራን መሰለን።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በዕድሜ የገፉ አስጋሪ በታንኳ እየቀዘፉ መጡ። ሆዱ የተነፋ ቆሮሶ ይዘዋል። ውሃው ላይ ተንሳፎ ነው ያገኙት።

«ልጄ፣ ይኼ ያንተ ነው?»

«ለቅቄው ነበር እኮ፣ አባባ።»

«አይቼሃለሁ። ጣልከው እንጂ መች ለቀቅከው?»

ዓሣውን ታንኳቸው ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ብዙ ዓሣም አበላሸሁ። እናንተ እንዳትደግሙት የማውቀውን ልንገራችሁ።

«ዋኝቶ ሄደ፣ ስለዚህ ዳነ» ማለት

ከእጅ ወጥቶ ጭራውን ያወዛወዘ ዓሣ ሁሉ አይድንም። አንዳንዱ ጥቂት ሜትር ወርዶ ተመልሶ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ እኛ በሌለንበት ይሞታል። የተንሳፈፈውን ደግሞ ፔሊካኑ ይጠብቀዋል። ጀልባችን ርቆ ስለሄደ አላየንም ማለት አልሞተም ማለት አይደለም።

«ጣና እኮ ጥልቅ አይደለም» ማለት

እኔም እንዲህ እል ነበር። እውነት ነው፣ ጣና በስፋቱ እንጂ በጥልቀቱ አይታወቅም። አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ያህል ነው። ባሕር ላይ ከ50 እና ከ100 ሜትር ዓሣ ለሚያወጣ ሰው ይኼ ኩሬ ነው።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ አባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። ጎሃ ጽዮን ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ የከደናችሁት ባዶ ሃይላንድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ድልድዩ ጋ የከደናችሁት ደግሞ ደጀን ላይ ይነፋል። የአየሩ ግፊት ስለተለወጠ ነው። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ የሚያመጣው ለውጥ በውሃ ሲለካ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከ10 ሜትር የተሳበ ዓሣ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ገምቱ።

ዓሣ ውሃ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢት አለው። ወደ ላይ ሲሳብ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አየሩም ይነፋል። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ እጥፍ የሚሆነው ከ10 ሜትር ሲወጣ ነው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ የላይኛው አየር ሳሳ ይላል። ስለዚህ እዚህ 8 ሜትር ገደማ ይበቃል። ከፍታ ላይ መሆናችን ለዓሣው ነገር ያባብሳል፤ ይኼን ሳሰላ ራሴም ገርሞኛል።

ዓሣ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ነጭ ዓሣ ከአየር ከረጢቱ ወደ ጉሮሮው የሚወስድ ቀጭን ቱቦ አለው። ሲነፋ ሊያገሳው ይችላል። አምባዛ ከረጢቱ በጣም ትንሽ ናት፣ አየርም መተንፈስ ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ይቋቋማል። (ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላውም ሰው አለ። ያ ሰው ያለ ጭንቀት ይልቀቀው።) ቆሮሶ ግን ከረጢቱ ዝግ ነው። አየሩ የሚወጣበት በር የለም። ወደ ደሙ ተመልሶ እስኪገባ ሰዓታት ይፈጃል።

ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ ደንገሉ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው የሚውለው። እዚያ ከያዛችሁት ግፊት አያሳስብም። ነገሩ የሚበላሸው ራቅ ብለን ጠለቅ ካለው ስንስበው ነው። ዓይኑ ከፈጠጠ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ቢለቁት ጎኑን ሰጥቶ ከተንሳፈፈ፣ ያ ዓሣ በራሱ አይወርድም።

«ቀስ ብዬ ብስበው ይለምደዋል» ማለት

አይለምደውም። ሰዓታት የሚፈጀው ነገር በአምስት ደቂቃ አያልቅም። ትርፉ ዓሣውን ማድከም ነው።

በአፉ የወጣውን መብሳት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። አንዳንዴ ከዓሣው አፍ ቀላ ያለ ነገር ተገልብጦ ይወጣል። ሰው የአየር ከረጢቱ መስሎት በመርፌ ወጋ ያደርገዋል። ያ ከረጢት አይደለም፤ ጨጓራው ነው። እርዳታ ብለን ጨጓራ በሳን ማለት ነው። ከረጢቱን ራሱን ከጎን በመርፌ የሚያስተነፍሱ አሉ። ግን ቦታውን በትክክል የማያውቅ ሰው ጉበት ይወጋል። አልመክርም።

የሚሻለው ዓሣውን ወደመጣበት ጥልቀት መመለስ ነው። ውሃው ራሱ አየሩን መልሶ ይጨምቀዋል። አሜሪካ ውስጥ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባሕር ውስጥ ባለ ዓለት ዙሪያ የሚኖር ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ዓሣ ማውረጃ ወይም ማስተንፈሻ መሣሪያ ሳይዙ እንዳይወጡ የሚያዝዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ውሏል። እኛ ያን መሣሪያ መግዛት አያስፈልገንም። የለስላሳ ፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ከአፉ ጠርዝ ላይ ድንጋይ እሰሩበት፣ ከታቹ ላይ ደግሞ ገመድ። ዓሣውን ውሃው ላይ አድርጋችሁ ሳጥኑን ገልብጣችሁ ድፉበት፣ ከዚያ ልቀቁት። ሳጥኑ ዓሣውን ይዞ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ትንሽ ጠብቁና ሳጥኑን ብቻ ሳቡት። ዓሣው ክፍት በሆነው በታች በኩል ይወጣል። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ ስቀውብኛል። ቆሮሶው ግን አልተንሳፈፈም።

ፎቶው ይቅደም ማለት

የዓሣ ገላ የሚያዳልጠው በምክንያት ነው፤ ያ ልጋግ ከበሽታ ይከላከልለታል። በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ ስትይዙት ልጋጉን ትገፍፉታላችሁ። እጃችሁን አርጥቡ። ፀሐይ ያጋለው የጀልባ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ስንጥቡ (መተንፈሻው) ውስጥ ጣት አትክተቱ። ፎቶ ካስፈለገ ስልኩ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የማይድነውን «ለነፍሴ» ብሎ መልቀቅ

ከስንጥቡ ደም የሚፈሰውን ዓሣ መልቀቅ ምሕረት አይደለም። እዚያው ቶሎ ግደሉትና ብሉት። ዓሣ ጥብስ ኃጢአት የለውም። ጾም ከሆነና ዓሣ የማትበሉ ከሆናችሁ ደግሞ ለሚበላ ስጡ፤ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ተቀባይ አይጠፋም።

በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መዝናናት

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹም ሌላ የትም የሉም። ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ። አስጋሪዎች ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው ስለሚጠብቋቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። እንቁላል የተሸከመችን ዓሣ ታግላችሁ አድክማችሁ ብትለቋት ያው ጉዳት ነው። በዚያ ወቅት ሌላ ቦታ ሂዱ።

የተሻለ እስኪመጣ እያሉ መቀያየር

ይኼ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ትንሹን ባልዲ ውስጥ ያቆዩታል። ተለቅ ያለ ሲመጣ የደከመውን ትንሽ ይለቁና ትልቁን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሌላ። ቤት የሚገባው ሁለት ዓሣ ነው፤ የተጎዳው አሥር። በአፍ ግን «ሁለት ብቻ ነው የያዝኩት» ይባላል።

ስዊዘርላንድ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክላለች። ለጨዋታ ብሎ እንስሳ ማሰቃየት ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሳነበው የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ የታንኳውን ሽማግሌ አስታወስኩ። እሳቸው ሕጉን አያውቁትም፣ ግን ያሉት ያንኑ ነው። በመረብም በመንጠቆም የሚኖር ሰው ዓሣ የሚይዘው ሊበላ ወይም ሊሸጥ ነው። ይዞ፣ አንገላቶ፣ ተመልሶ መጣል ለእሳቸው ግራ ነው።

ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ትንሽ ቆሮሶ ሳይፈለግ መንጠቆ ላይ ይመጣል፤ እሱን በወጉ መልቀቅ ተገቢ ነው። አሁን ግን ጠለቅ ወዳለው አልሄድም፤ ደንገሉ አጠገብ ነው የምጥለው። ሳጥኑ ለማንኛውም ጀልባው ላይ አለ። ለምሳ የሚበቃ ሁለት ዓሣ ከያዝኩ ክሬን እጠቀልላለሁ። ጓደኛዬ «ገና በሦስት ሰዓት?» እያለ ይነጫነጫል፣ ስልኩንም ወደ ኪሱ ይመልሳል።