ሱሉልታ ላይ ለምትሮጡ፦ መጀመሪያ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ ስወጣ፣ እግራቸው እየተጎተተ አንድ ዙር የሚጨምሩ ልጆች አያለሁ። አንጀቴን ይበሉታል። እረፍት የሌለው ልምምድ የሚጎዳው ጡንቻን ብቻ አይደለም። ከልክ በላይ በሮጡ አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የምግብ ፍላጎትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመስ ውስጥ የሴል ጭንቀት ታይቷል። ፕሮቲን የሚያዘጋጀው የሴሉ ክፍል ሥራ ሲበዛበት የሚመጣ ነው። ደግነቱ ሴሎቹ አልሞቱም። ልከኛ ስፖርትማ ለአንጎል መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ ሁለት ጣት የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጉና ለ60 ሰከንድ ቁጠሩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት። ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ እንቅልፍም እምቢ ካለ፣ ምግብም ካስጠላችሁ፣ የዚያን ቀን ጫማውን አታጥልቁ። በተለይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስትሮጡ ሰውነት ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል። እረፍት አድርጋችሁም ካልተስተካከለ ሐኪም ጋ ሂዱ።