የመጀመሪያውን የዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ መጽሐፍ እንዴት ይመርጣሉ?

ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ ድምፅንና መሰል ሲግናሎችን ወደ ቁጥር ቀይሮ በስሌት የሚያስተናግድ ትምህርት ነው። መጽሐፉን ማውጫ አይተው ብቻ አይግዙ፤ ማውጫቸው ሁሉ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚታየው ገልጠው ሦስት ቦታ ሲፈትሹ ነው።

መጀመሪያ የናሙና አወሳሰድ ምዕራፍን ይግለጡ፤ ይህ ሲግናልን በየተወሰነ ጊዜ እየለኩ ወደ ቁጥር መቀየር ነው። በሰከንድ 8000 ናሙና ሲወሰድ የ5000 ሄርዝ ድምፅ 3000 ሄርዝ መስሎ እንደሚመጣ፣ ይህን የሚከላከለው ፊልተርም (ከፍተኛ ድምፆችን የሚያስቀር ማጣሪያ) ከናሙናው በፊት መግባት እንዳለበት በሥዕልና በቁጥር ያሳያል? ቀመር ብቻ ጥሎ የሚያልፍ ከሆነ ይመልሱት።

ቀጥሎ ኮንቮሉሽን፣ ማለትም አንዱን የቁጥር ተርታ ገልብጦ በሌላው ላይ እያንሸራተቱ ማባዛትና መደመር። 1፣ 2፣ 3 ከ1፣ 1 ጋር ሲሠራ 1፣ 3፣ 5፣ 3 ይወጣል። ጥሩ መጽሐፍ ይህን በእጅ ያሠራዎታል። ከዚያም በ3 ነጥብ ፎሪየር ትራንስፎርም (ሲግናልን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ በሚበትን ስሌት) በኩል ቢሞክሩት የመጨረሻው 3 ዞሮ ከመጀመሪያው 1 ጋር እንደሚደመርና ውጤቱ 4፣ 3፣ 5 እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ጀማሪን ለቀናት የሚያደናግረው ይሄ ነው፤ መፍትሔው ዜሮ ጨምሮ ቢያንስ 4 ነጥብ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ስፔክትረም ነው፤ ሲግናሉ ውስጥ የትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንዳለ በመስመሮች የሚያሳይ ሥዕል። በዚያው 8000 ናሙና፣ በ256 ነጥብ ፎሪየር ትራንስፎርም፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 31.25 ሄርዝ ነው። 1000 ሄርዝ ከዜሮ ሲቆጠር ልክ 32ኛው መስመር ላይ ያርፋል፤ 1010 ግን ወደ ጎረቤቶቹ ይፈስሳል። ይህን ሳያብራራ ስለ ዊንዶው (ይህን መፍሰስ ለመቀነስ የናሙናዎቹን ጫፍና ጫፍ ስለሚያሳንስ ማባዣ) የሚያወራ መጽሐፍ ያሸመድዳል እንጂ አያስተምርም።

ብቻዎን የሚማሩ ከሆነ ቢያንስ የከፊሎቹ መልመጃዎች መልስ ከኋላ ይኑር። የኮዱ ማርጀት አያሳስብዎ፣ በፓይተን እንደገና መጻፍ ራሱ ልምምድ ነው። በኮምፕሌክስ ቁጥር ካልበረቱ ግን ያንን የሚከልስ ምዕራፍ ያለውን ይምረጡ።