ከጣና ዳር ወደ ሂምሉንግ፦ 7,126 ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው ዝግጅት

ሂምሉንግ ሂማል በኔፓል ማናንግ አውራጃ፣ ቲቤት ድንበር ጥግ ያለ የ7,126 ሜትር ተራራ ነው። አወጣጡ እጅግ ቀጥ ያለ ገደል ስለማይበዛበት 7,000 ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች ይመርጡታል። ይሁን እንጂ ከመኪና መንገድ የቀናት የእግር ጉዞ ያስገባል፤ ከካትማንዱ ወጥቶ እስከመመለስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ብቻ መሄድ አይቻልም፤ ፈቃዱ የሚወጣው በኔፓል በተመዘገበ ድርጅት በኩል ነው። ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው የአንድ ዓመት ተኩል ዝግጅት ብለን ብንይዘው አይበዛም። ከዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚሄደው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ በወረቀትና በረዶ በመልመድ። ጉልበት ሦስተኛ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ብዙ አገር ሰው የኔፓልን ቪዛ ካትማንዱ አየር ማረፊያ ደርሶ ይገዛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ይህ ዕድል ከማይሰጣቸው ጥቂት አገሮች ዜጎች አንዱ ነው፤ ቪዛው ከመነሳቱ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ መውጣት አለበት። አንዳንድ የውጭ ድርጅቶች ይህን አያውቁም፤ «እዚሁ ስትደርሱ ታገኛላችሁ» ብለው ይጽፋሉ። አትመኑ። ከድርጅቱ የግብዣ ደብዳቤና የጉዞ ፕሮግራም ተቀብላችሁ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ጀምሩ። የቱሪስት ቪዛ የ15፣ የ30 እና የ90 ቀን ነው፤ 30ው 50 ዶላር፣ 90ው 125 ዶላር ነው። የ90ውን ያዙ፤ ወሩ የሚቆጠረው ካትማንዱ ከረገጣችሁበት ቀን ስለሆነ አንድ የአየር መበላሸት ብቻ የ30ውን ይጨርሰዋል።

በዴልሂ የምታልፉ ከሆነ የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው። ሕንድ ከኢትዮጵያ የመጣ ካርድ የሌለውን መንገደኛ እስከ ስድስት ቀን ለይታ ታቆያለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ ዋጋ የለውም።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ የከፍታ ጣሪያ። ብዙው ውል በ6,000 ሜትር ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ የሚደርስባችሁን አይሸፍንም። በእጅ የሚያዘው ወረቀት ላይ «7,126 ሜትር» ወይም ከዚያ በላይ፣ «በገመድ የሚደረግ ተራራ መውጣት» እና «የሄሊኮፕተር ነፍስ ማዳን» ተጽፎ ማየት አለባችሁ። በኔፓል ለቀላል ራስ ምታት ሄሊኮፕተር እየጠሩ ኢንሹራንስን የማስከፈል ማጭበርበር ነበር፤ መንግሥትም በ2018 እ.ኤ.አ. አጣርቶታል። ስለዚህ ሄሊኮፕተር ከመጠራቱ በፊት የኢንሹራንሱን የ24 ሰዓት ስልክ ራሳችሁ ደውሉ።

ድርጅቱን መምረጥ

ዋጋ ከማወዳደር በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ለአንድ ተጓዥ ስንት የተራራ መሪ ነው? ቤዝ ካምፕ (የተራራው ሥር ዋና ሰፈር) ላይ ስንት የኦክስጅን ሲሊንደርና የግፊት ከረጢት (በከፍታ የታመመ ሰው ገብቶበት አየር የሚነፋበት) አለ? ከታቀደው የጫፍ ቀን ሌላ ስንት ትርፍ ቀን ተይዟል? ሦስት ወይም አራት ካልሆነ አንድ ማዕበል ጉዞውን ይጨርሰዋል። የመመለሻ ሰዓት ማን ይወስናል? የተሸካሚዎቹ ጭነት ስንት ኪሎ ነው፣ ኢንሹራንስስ አላቸው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሲያልፈው ያያችሁትን ድርጅት ተዉት፤ ተሸካሚውን ያልጠበቀ እናንተንም አይጠብቅም።

ቁም ነገር የሆነ ድርጅት ደግሞ እናንተንም ይጠይቃል፦ «ከዚህ በፊት የት ወጥታችኋል?» 6,000 ሜትር ላይ በክራምፖን (ጫማ ሥር በሚታሰር የብረት ጥርስ) መሄድ ካላወቃችሁ አይቀበላችሁም፣ ከተቀበላችሁም ገንዘባችሁን ነው የተቀበለው። የምንመክረው ቅደም ተከተል ራስ ዳሸን (4,550 ሜትር)፣ ከዚያ ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር)፣ ከዚያ በኔፓል ሜራ ፒክ (6,476 ሜትር) ነው። ኪሊማንጃሮ ገመድ አይጠይቅም፣ ግን ሰውነታችሁ 5,000 ሜትር ላይ ምን እንደሚሆን ይነግራችኋል። ሜራ ላይ ግግር በረዶና ገመድ ታገኛላችሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ የሚሆነውና የማይሆነው

ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ካትማንዱ 1,400 ሜትር ገደማ ናት። ማለትም ኔፓል ስትደርሱ ትወርዳላችሁ እንጂ አትወጡም። «እኛ ደገኛ ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለውን ተዉት። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ኦክስጅንን እንደ ቆላ ሰው ሳይጎድለው እንደሚይዝ አሳይቷል። የባሕር ዳር ልጅ ግን እዚያ አላደገም፤ ተራራው ደግሞ የትውልድ ቀበሌ አይጠይቅም።

ለእግር ጉልበት ቤዛዊት ኮረብታ ይበቃል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ በሻንጣ ውስጥ 15 ሊትር ውኃ በጀሪካን ተሸክማችሁ ውጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ጫፍ ላይ ውኃውን አፍስሳችሁ ባዶ ውረዱ፣ ጉልበታችሁ እንዳይጎዳ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተሸክማችሁ ውረዱ፣ ምክንያቱም ተራራው ላይ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው። በተለይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት በወር አንድ ጊዜ ጉና (ወደ 4,100 ሜትር) ወይም ከደባርቅ ሰሜን ተራሮች ሄዳችሁ አድሩ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ። ሳንቃበር 3,250፣ ጭነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ማደሩ ነው የሚጠቅመው፣ ወጥቶ መመለስ ብቻ ብዙ አይረዳም።

ገመዱን ደግሞ ጣና ዳር መለማመድ ይቻላል። 20 ሜትር ገመድ በሦስት ዛፎች መካከል በወገብ ቁመት ወጥሩ፣ መካከለኛው ዛፍ ላይ ቋጠሮ አድርጉበት። ያ ቋጠሮ ተራራው ላይ ገመዱ በረዶ ውስጥ ከተመታ ችንካር ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው። መታጠቂያችሁን ታጥቃችሁ፣ ጁማር (ገመዱን የሚነክስና ወደ ፊት ብቻ የሚንሸራተት መያዣ) እና የመጠባበቂያ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚቆለፍ የብረት ቀለበት) ይዛችሁ ተሻገሩ። ቋጠሮው ላይ ስትደርሱ ጁማሩ ከኋላ እንደያዛችሁ መጀመሪያ ካራቢነሩን አውጡ፣ ከቋጠሮው ወዲያ ባለው ገመድ ላይ አስገቡ፣ መቆለፉን በጣት ፈትሹ። ከዚያ ብቻ ጁማሩን አውጥታችሁ ከካራቢነሩ ፊት አስገቡ። ሁለቱ አንድ ላይ ከገመዱ የተለዩበት ቅጽበት ሊኖር አይገባም። ይህን ሃምሳ ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ፣ ከዚያም በጨለማ ድገሙት። ሕጻናት ከበው ይስቁ ይሆናል፤ 6,500 ሜትር ላይ ጓንት አውልቆ ለመሞከር መገደድ ግን ጣት ያስከፍላል።

ባሕር ዳር ላይ የማይገኘው በረዶ ነው። ቋንቋችንም ቢሆን የሰማዩንም የመሬቱንም «በረዶ» ብሎ ያልፈዋል፣ ውርጭና አመዳይ ቢኖሩም። እዚያ ግን ትናንት የወረደው ለስላሳ፣ ነፋስ ያደነደነውና መስታወት የመሰለው ሦስት የተለያዩ መሬቶች ናቸው፤ በአንዱ የተመቸ እርምጃ በሌላው ያንሸራትታል። ይህን በሥልጠና እንጂ በንባብ አታገኙትም።

ጫማና ልብስ

ትልቁ ስህተት ጫማ ነው። ለዚህ ከፍታ ውስጡ የሚወጣ ድርብ ቡት ያስፈልጋል፤ ተራ የእግር ጉዞ ጫማ ጣት ያደርቃል። በካትማንዱ ታሜል ሰፈር ይከራያል፣ ግን ወቅቱ ሲደርስ የቀረው ቁጥር የእናንተ ላይሆን ይችላል። ስትለኩ በምትሄዱበት ካልሲ ሆናችሁ ቁልቁለት ቁሙ፤ ጣት ፊት ለፊት ከነካ አትውሰዱት። በሌላ በኩል በጣም ሰፊም አይሁን፣ ተረከዝ ሲነሳ ውኃ ይቋጥራል። ክራምፖኑን እዚያው በዚያው ቡት ላይ አስገጥማችሁ ሞክሩ፤ ሁለቱ አልገጥም ማለታቸው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቤዝ ካምፕ ላይ ነው።

ሌላው አጭር ነው፦ የላባ ጃኬት፣ እስከ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚሆን የመኝታ ከረጢት፣ ደረጃ 4 የሆነ ጥቁር መነጽር (ሁለት፣ አንዱ ቢጠፋ)፣ ኮፍያ፣ የበረዶ መጥረቢያ፣ ሁለት ዓይነት ጓንት፣ ለጁማሩ ጥርስ ደግሞ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። በረዶ በጥርሱ መካከል ሲገባ ጁማር ገመዱን አይነክስም፣ ይንሸራተታል፤ በትንፋሽ ብታሞቁት ደግሞ ተመልሶ ይቀዘቅዝበታል።

የበረራ የሻንጣ ልክ ስለሚጠብ ቡቱን ተጫምታችሁ ተሳፈሩ። የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ፤ የጋዝ ጣሳ አይያዝም፣ እዚያ ይገዛል።

ምግብ

ምርጡ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ የኔፓልም ዝናብ እንደ እኛው ክረምት መስከረም ላይ ይወጣል። መስቀልን ቤት አሳልፎ መነሳት ይመቻል። ጽጌን የምትጾሙ ከሆነ ግን ጾሙ በትክክል ጉዞው ላይ ይወድቃል፤ ለድርጅቱ ቀድማችሁ ንገሩ። ምስር ወጥና ሩዝ የኔፓል ዋና ምግብ ነው፣ አይቸግርም፤ ነገር ግን ተራራው ላይ የምታጠፉት ኃይል ከምትበሉት ይበልጣልና የጾሙን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

ከቤት የሚወሰድ አንድ ነገር ቢኖር በሶ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ውሰዱ። ማናንግ አካባቢ ያሉ ሰዎች «ጻምፓ» የሚሉት የተቆላ ገብስ ዱቄት ከእኛው በሶ አይለይም። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሥጋ ይጠላል፣ በሶ በሞቀ ውኃና በስኳር ግን ይወርዳል። በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ጠጡ። ሌሊት ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፤ ውኃ በረዶ መሆን የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ በበረዶ አይዘጋም። በቱቦ የሚጠጣው ዓይነት በረዶ ይሆናል፣ አትመኩበት።

ወደ ቤዝ ካምፕ

ከቤሲሳሃር ከተማ በመኪና፣ ከኮቶ መንደር (2,600 ሜትር) ጀምሮ በእግር ነው። መንገዱ በሜታ (ወደ 3,560)፣ በክያንግ፣ በፉ መንደር (ወደ 4,080) አልፎ ቤዝ ካምፕ ወደ 4,900 ይደርሳል። የሚጎዳው ከኮቶ ሜታ ያለው ቀን ነው፤ በአንድ ቀን ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያስወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን ዕረፍት። ፕሮግራሙ ይህን ካላከበረ በፉ ሁለት ሌሊት እንዲሆን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ፈጥኖ የደረሰ ሳይሆን ሲደርስ የሚበላ ሰው ነው የሚወጣው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ ቁሙ፣ አትውጡ። ካልተሻለ ውረዱ። ሁለት ምልክት ግን ለዕረፍት አይሰጥም። አንደኛው ቁጭ ብሎም የማይቆም የትንፋሽ ማጠር ከሳል ጋር ነው። ሁለተኛው እንደሰከረ ሰው መንገዳገድ ነው፤ መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ማስኬድ ነው ፈተናው። ሁለቱም ጋ በዚያው ሰዓት ኦክስጅንና መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ለከፍታ ሕመም መከላከያ ብዙዎች አሴታዞላሚድ የተባለውን መድኃኒት 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ፤ ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ ለሰልፋ አለርጂ ያለበት ግን ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው።

የጫፉ ቀን

ካምፖቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ከ6,000 ሜትር በላይ ነው። የኔፓል ሰዓት ከኛ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል፣ አቆጣጠሩም በፈረንጅ ነው። መሪው «በ2 ሰዓት እንነሳለን» ካለ በእኛ አባባል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ይህን ሲደክማችሁ መቁጠር ስለማትችሉ የእጅ ሰዓታችሁን ካትማንዱ ላይ ወደ እነሱ አዙራችሁ እስክትመለሱ አትንኩት።

ከመነሳታችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ከመሪው ጋር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ለምሳሌ በእነሱ አቆጣጠር ቀትር 12። ጫፉ 50 ሜትር ቢቀርም ሰዓቱ ከሞላ ይወረዳል። ጠዋት ላይ የደነደነው በረዶ ከሰዓት በኋላ ይላላል፣ የግግር በረዶውን ስንጥቅ የሸፈነው የበረዶ ድልድይም አብሮት። ስትወርዱ በስምንት ቅርጹ መውረጃ (ገመዱ የሚያልፍበት ብረት) ከመግባታችሁ በፊት የመጠባበቂያውን ካራቢነር ገመዱ ላይ አድርጉ፣ መጨረሻ ላይም እሱን አውልቁ።

ካምፕ እንደደረሳችሁ ቡቱን አውልቁ፣ ጣቶቻችሁን በብርሃን እዩ። ነጭና ደረቅ ሆኖ የማይሰማ ጣት ካለ አትሹት፣ እሳት ላይም አታሙቁት፤ ተመልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እንዳለ ወደ ቤዝ ካምፕ ማውረድ ይሻላል፣ እዚያ በ37–39 ዲግሪ ውኃ ይነከራል። ውስጠኛውን ጫማ ደግሞ አውጥታችሁ ከእናንተ ጋር መኝታ ከረጢት ውስጥ አሳድሩት።