ከሆቴል ሥራ ወደ ዘላቂ ቱሪዝም፦ ባሕር ዳር ላይ ማስተርስ ስትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪሴፕሽን ላይ የቆመ፣ ሃውስኪፒንግ የሠራ፣ ወይም ኪችን ውስጥ ሽንኩርት ከመላጥ ተነስቶ ሼፍነት የደረሰ ሰው “ከዚህ በኋላስ?” የሚልበት ቀን ይመጣል። አንዳንዱ መልሱን ማስተርስ ውስጥ ይፈልጋል፤ ከነሱም ዘላቂ ቱሪዝምን የሚመርጡ አሉ። ጥሩ ምርጫ ነው። ባሕር ዳር ላለ ሰው ሐይቁም፣ ገዳማቱም፣ ችግሩም ደጅ ናቸው። ግን ተደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጊዜ ብቻ ይበላሉ። አንዳንዶቹ ግን ቴሲሱን ራሱን ባዶ ያስቀሩታል።

የሆቴሉን ልምድ ግቢው በር ላይ ጥሎ መግባት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተማሪው ክፍል ገብቶ “ስቴክሆልደር” (ባለድርሻ) እና “ካሪይንግ ካፓሲቲ” (ቦታው ሳይጎዳ የሚችለው የእንግዳ ብዛት) ሲባል ሲሰማ የድሮ ሥራው ያሳፍረዋል። ትሪ መሸከምና ምርምር ምን አገናኛቸው?

ብዙ ነገር። ስቶር ኪፐር የነበረ ሰው ቲማቲሙ ከየት እንደሚገዛ፣ ወይኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው አቅራቢ በዱቤ እንደሚሰጥ ያውቃል። የቱሪዝም መምህራን “ሊኬጅ” የሚሉት ነገር አለ፤ ቱሪስቱ የከፈለው ገንዘብ አካባቢው ላይ ሳያርፍ ሾልኮ መውጣቱ ነው። ስቶር ኪፐሩ እኮ ይህንኑ በየቀኑ መዝገቡ ላይ ሲጽፈው ነበር። ላውንደሪ የሠራችዋም እንደዚያው። እንግዳው ክፍል ውስጥ “ፎጣዎን ደግመው በመጠቀም ተፈጥሮን ይጠብቁ” የሚል ካርድ ተቀምጧል። የማጠቢያው ውሃ በጓሮ በኩል ወዴት እንደሚሄድ የምታውቀው ግን እሷ ናት። እንግዳው አያውቅም፣ አማካሪ መምህሯም ላያውቁ ይችላሉ። ሥራው ይህን እውቀት ወደ ጥያቄ መቀየር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የቀድሞ ቀጣሪያችሁን ሰነድ ስልካችሁ ላይ ስላለ ብቻ ዳታ አታድርጉት። ደብዳቤ ይዛችሁ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ሌላ ሆቴል ሞክሩ።

ዘላቂነትን ከችግኝ ተከላ ጋር ማምታታት

ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት መስፈርቶቹን በአራት ዘርፍ ነው የከፈላቸው፦ አስተዳደር፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥቅም፣ ባህል፣ አካባቢ። ችግኙ አራተኛው ዘርፍ ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች አንዱ ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ዘርግቶ አስተናጋጆቹን ያለ ውል የሚያሠራ ሆቴል ዘላቂ አይደለም። ይህን ደግሞ ሺፍት የገባ ሰው ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ርዕሱን ሐይቁን ያህል ማስፋት

“በጣና ሐይቅ የዘላቂ ቱሪዝም ዕድሎችና ተግዳሮቶች።” ይህን የመሰለ ርዕስ ይዞ አማካሪ ፊት የሚቀርብ ተማሪ አይጠፋም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ያለውን ሁሉ በአንድ ቴሲስ ልትጨርሱት ነው?

ጠበብ አድርጉት። ለምሳሌ ዓሣ። ጠዋት በኪችኑ የኋላ በር አንድ ሳፋ ዓሣ ይገባል። ቆሮሶ አለበት፣ አምባዛ አለበት፣ ሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚለው የዓሣ ወገንም አለበት። ሼፉ ኪሎውንና ትኩስነቱን ያያል፣ ስቶር ኪፐሩ ይመዝናል፣ ካሸሪው ይከፍላል። ዓሣው መቼና የት እንደተያዘ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ጣና ውስጥ ካሉት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ከነሱ ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት ቦታ ይሰበሰባሉ። መረብ እዚያው ላይ ከተዘረጋ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ነው የሚያዙት። እንግዲህ “የባሕር ዳር ሆቴሎች በክረምት የሚገዙት ዓሣ ከየት ይመጣል?” ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ርዕስ ነው። ሳፋውን ተከትላችሁ እስከ አጥማጁ ትደርሳላችሁ፣ በመንገዱም ደላላውን፣ በረዶ ሻጩንና ሜኑውን ታገኛላችሁ።

“ማኅበረሰቡ” ብሎ ማለፍ

ፕሮፖዛል ላይ “ማኅበረሰቡን ተጠቃሚ ማድረግ” የማይል የለም። የትኛውን ማኅበረሰብ?

የጣናዋን ባሕረ ገብ መሬት ዘጌን ውሰዱ። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ መንገዱ በቡና ደን ውስጥ ነው የሚያልፈው። ግራና ቀኝ መስቀል፣ ሥዕል፣ ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ አሉ። እዚያ ባህሉ በሬ ጠምዶ ማረስን ስለማይፈቅድ ኑሮው ቡናው ላይ ቆሟል። የጀልባ ማኅበሩ ሌላ ነው፣ አስጎብኚው ሌላ ነው፣ የመግቢያውን ገንዘብ የሚቀበለው ገዳም ሌላ ነው። ጥቅማቸው ሁልጊዜ አይገጥምም። ነገደ ወይጦዎች ደግሞ አሉ፤ ታንኳ የመሥራት ጥበቡን ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት እነሱ ናቸው። የታንኳው ፎቶ ብሮሸሩ ላይ ይወጣል። ሠሪውን ግን ስብሰባ ላይ የሚጠራው ብዙም የለም። እነዚህን ሁሉ በአንድ መጠይቅ፣ ያውም ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል በተገለበጠ መጠይቅ፣ “እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ” እያስባሉ መመለስ ድካም ነው። ቁጭ ብላችሁ አዋሯቸው።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ወደብ ላይ ቆሞ ይህን ከመስማት በፊት ማወቅ ይሻላል። የትም ገዳም ቢሆን ደግሞ መቅረጸ ድምፅ ከመክፈታችሁ በፊት “አባ፣ ይፈቅዱልኛል?” በሉ።

ቱሪዝሙን ብቻውን ማየት

እንግዳ ጢስ ዓባይ ድረስ ሄዶ በበጋ ቀጭን ውሃ አይቶ ሲመለስ የሚወቀሰው አስጎብኚው ነው። ውሃው ግን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ይጠለፋል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ፕሮጀክት ከሐይቁ ራሱ እየወሰደ ነው። እምቦጩም ሆቴል ውስጥ አልተወለደም። ከእርሻና ከከተማ የሚመጣው ንጥረ ነገር እያፋፋው ጀልባውንም መረቡንም ያስቸግራል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ ጥበቃውና የሰው ኑሮ አብረው ይታዩ። ስለዚህ የግብርና፣ የውሃና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችን በር አንኳኩ። የቱሪዝም ቢሮ ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ።

ጥሩውን ጊዜ ብቻ መቁጠር

ጥምቀት ሰሞን መረጃ ሰብስቦ “ከተማዋ በእንግዳ ተጨናንቃለች” ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሰኔ ላይም ሂዱ። ኮቪድና ከሱ በኋላ የመጣው የጸጥታ ችግር ክፍሎቹን ባዶ ሲያደርጋቸው ማን ተቀነሰ? ማን በግማሽ ደሞዝ ቆየ? ጀልባው ቆሞ ሲውል ባለጀልባው ምን በላ? የሐይቁ ዳር ቱሪዝም ይዘልቃል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚፈተሸው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሥራውን ቸኩሎ መልቀቅ

አጭር ነው። ከቻላችሁ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ፈልጉ፣ ሺፍት ተቀያየሩ። የመስክ ሥራ የጀልባ፣ የትራንስፖርትና የሻይ ቡና ወጪ አለው። ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

ከምረቃ በኋላ ኤንጂኦን ብቻ መጠበቅ

ላንድክሩዘሩ ያምራል፣ ግን ቦታው ጥቂት ነው። ሥራው ያለው የወጣችሁበት ሆቴል ውስጥም ነው። ማኔጀሩ ቢሮ ስትገቡ “ዘላቂነት” በሚለው ቃል አትጀምሩ። የአንድ ወር የጀነሬተር ነዳጅ፣ የውሃ ሂሳብና የተጣለ ምግብ በብር አስልታችሁ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡለት። ቁጥሩን ካየ በኋላ የሚጠይቃችሁ “ስንት ይፈጃል?” ብሎ ነው። ለዚያም መልስ ይዛችሁ ግቡ።