ከደሴ ክበብ ወደ ሙያ ትወና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ወጣቶችን ቴአትር ሳለማምድ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ተዋናይ ሊሆኑ አዲስ አበባ የሸኘኋቸው ልጆች የሚቸገሩት ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ክበብ ውስጥ የያዙት ልማድ አብሯቸው አውቶቡስ ስለሚሳፈር ነው።

መጀመሪያው ጩኸት ነው። የእኛ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ያልጮኸ አይሰማም። ከጉሮሮ የሚጮህ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን ድምፁ ይሻክራል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ከአንድ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ እዚያ የኋላው ወንበር ድረስ የሚዘልቀው ከሆድ የተሳበ ትንፋሽና ጥርት ያለ ቃል ነው። በተለይ የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ጠብቁ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ «ገንዘቡን ለእናቱ» ብላችሁ ጮኻችሁ «አልሰጣትም» ላይ ድምፃችሁ ከሞተ፣ ተመልካቹ ሰጣት ብሎ ይሄዳል።

የራስን ቃለ ተውኔት ብቻ መሸምደድም አለ። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ሲያጥረን ለእያንዳንዱ የራሱን ገጽ ብቻ እሰጥ ነበር። እንዲህ የለመደ ልጅ የባልደረባውን የመጨረሻ ቃል ይጠብቃል እንጂ አያዳምጠውም። አዘጋጅ ይህን ወዲያው ያውቃል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ወሎዬነትን መደበቅ ነው። አዲስ አበባ በገቡ በወሩ «አብሽር» እንዳታመልጣቸው ይጠነቀቃሉ። ከዚያ የወሎ ገበሬ ሆነህ ተጫወት ሲባሉ፣ የገዛ አያታቸውን አነጋገር ትተው ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን አስቂኝ ባላገር ይቀዳሉ! እንደ ገጸ ባሕርዩ ዘዬ መለወጥ ሙያ ነው፤ የራስን መጣል ኪሳራ ነው። ዜማውም እንዲሁ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው፤ ማሪቱ ለገሠንም ሕዝብ ያወቃት በአምባሰል ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ገና ከጥንቱ ዘፈንና ድራማን በአንድ መድረክ ሲያቀርብ የኖረ ቤት ነው። ማዜም የሚችል ተዋናይ ለአዘጋጅ ሁለት ሰው ነው።

ካሜራ ፊት ሲቆሙ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ያምታታቸዋል። ቀብሩ ጠዋት፣ ሠርጉ ከሰዓት ሊቀረጽ ይችላል። ሲኒውን በየትኛው እጅ እንደያዛችሁ፣ የሸሚዛችሁን ስንት ቁልፍ እንደቆለፋችሁ በማስታወሻ ያዙ። ማይክራፎኑም ደረታችሁ ላይ ነው፤ የቆርቆሮውን ጩኸት እዚያ አትድገሙት።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልበል። አንዲት ልጃችን ተዋናይ እመርጣለሁ ላላት ሰው «መመዝገቢያ» ከፍላ፣ በማግስቱ ስልኩ ዝግ ሆነባት። ሊያሠራችሁ የፈለገ ይከፍላችኋል እንጂ አያስከፍላችሁም። ሥራውን ካገኛችሁ በኋላም ይሉኝታ ይዟችሁ በቃል ብቻ አትስማሙ። ስንት ቀን ቀረጻ እንዳለ፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚሰጥ፣ ቀረጻው ከተራዘመ ምን እንደሚታሰብ ወረቀት ላይ ይስፈር። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃችሁ የቤት ኪራይ የምትከፍሉት በዚያ ወረቀት ነው፤ አንዱን ቅጂም ለቤተሰብ ላኩ።