የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በዋቢ ዝርዝር እንዳይገለበጥ ያደረግሁት

ስለ አገራችን ትምህርት በእንግሊዝኛ በማዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተከስተ ነጋሽ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በተጠቀሰበት ሁሉ «ነጋሽ፣ 2006» እየተባለ ይወጣ ነበር። ኤፒኤ (APA) የተባለው የዋቢ አጻጻፍ ስልት የቤተሰብ ስምን ስለሚያስቀድምና ዋቢዎችን የማደራጅበት ዞተሮ (Zotero) የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም የደራሲን ስም በሁለት ሳጥን ከፍሎ ስለሚቀበል፣ ዕውቅናው ከጸሐፊው አልፎ ለአባቱ ይሰጣል። መፍትሔው ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ምልክት ተጭኖ ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ማድረግና ሙሉ ስሙን እንዳለ መጻፍ ነው፤ የዝርዝሩ የፊደል ቅደም ተከተልም አብሮ ይስተካከላል። (አማካሪው የአባት ስም ይቅደም የሚሉ ከሆነ ግን አስቀድሞ መስማማት ይሻላል፤ ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ መጻፍ ከሁሉም የከፋ ነው።)

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ዓመቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ቁጥሩ እንዳለ ከፈረንጆቹ ዓመታት ጋር ከተሰለፈ፣ የሽግግር መንግሥቱ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የደርግ ዘመን ሰነድ ይመስላል። ስለዚህ በዓመት ሳጥኑ 1994ን አስገብቼ፣ ሰነዱን በአማርኛ የሚፈልግ አንባቢ እንዳይቸገር ከርዕሱ ቀጥሎ በቅንፍ 1986 ዓ.ም. መሆኑን ጻፍሁ።